አብሮ የመሆን ጸጋ

ዕረፍት ከእግዚአብሔር ለሰው ልጅ የተሰጠ በረከት ነው። ፈጣሪያችን ሰማይንና ምድርን ከፈጠረ በኋላ በሰባተኛው ቀን ማረፉን በኦሪት እናነባለን፤ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ ደክመው በተመለሱ ጊዜ ከሕዝቡ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ነገራቸው በወንጌል ተጽፏል። ነገር ግን ዕረፍት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሥጋን አሳርፎ ነፍስን አድክሞ የሚመልስ አለ፤ ሁለቱንም አሳርፎ የሚመልስ አለ። ይልቁንም በትዳር ለሚኖሩ ሰዎች እውነተኛው ዕረፍት ባልና ሚስት አንድ ላይ ሆነው የሚያገኙት እንደ ሆነ ለመግለጽ፥ እኔና ባለቤቴ በካሪቢያን ባሕር ያደረግነውን የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ለዚህ መጽሔት አንባብያን መተረክ ወደድሁ።

የምንኖረው በአሜሪካ በቨርጂንያ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ቀን ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ። ይህን የመሰለ አሠራር የመረጥነው ልጆቻችን ሕፃናት ሳሉ ከሁለታችን አንዳችን ዘወትር ከእነርሱ ጋር እንድንሆን ነው፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ልጆቹ በመልካም አድገዋል። እርሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እርሱ ለመውጣት ይታጠባል። ስለዚህ አብዛኛው ንግግራችን በማቀዝቀዣው በር ላይ በምንለጥፈው ወረቀት የሚደረግ ነበረ። «የቤት ኪራይ ተከፍሏል»፤ «ልጁ ያስለዋል፥ መድኀኒቱ ከመደርደሪያው ላይ ነው»፤ «ወጡን አሙቀህ ብላ»። እንዲህ ያለ ኑሮ በስደት ለሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች እንግዳ ነገር አይደለም።

የተጋባንበት 25ኛ ዓመት ሲደርስ ልጆቻችን ገንዘብ አዋጥተው የሁለት ሰው የመርከብ ጉዞ ገዙልን። እኔ መጀመሪያ አልወደድሁትም። ወጪው ከበደኝ፤ ደግሞም በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ጭፈራና መጠጥ እንደሚበዛ ሰምቼ ነበር። ልጄ ግን፥ «እማዬ፥ አንቺና አባዬ አንድ ሙሉ ቀን አብራችሁ ስትውሉ አይተን አናውቅም» አለችኝ። ለዚህ ነገር መልስ አጣሁ። የንስሐ አባታችንን ባማክራቸው፥ ጾማችንን እንድንጠብቅና የጸሎት መጽሐፋችንን እንድንይዝ አሳስበው በጸሎት ሸኙን።

የጥምቀትን በዓል በቤተ ክርስቲያናችን ካከበርን ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ እሑድ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከማያሚ ወደብ ተሳፈርን። መርከቡ ከ3,000 የሚበልጡ መንገደኞችንና ከ1,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን የያዘ ነበረ። ከታች ሆነው ቀና ብለው ሲያዩት ፎቅ ቤቶች ተነቅለው በውኃ ላይ የተቀመጡ ይመስላል።

መርከቡ ከመነሣቱ በፊት መንገደኛ ሁሉ አደጋ ቢደርስ የሚሰበሰብበትን ስፍራ ማወቅ አለበት። ሰባት ጊዜ በአጭሩ አንድ ጊዜ በረጅሙ የሚነፋ ድምፅ ሲሰማ፥ ሰው ሁሉ የያዘውን ትቶ ወደ ተመደበለት ስፍራ ይሄዳል። ይህ ሥርዐት ከብዙ ሰዎች ሞት የተገኘ ትምህርት ነው። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በ1912 እ.ኤ.አ. ሰጥማ ወደ 1,500 የሚሆኑ ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ መንግሥታት በ1914 እ.ኤ.አ. ስለ ባሕር ጉዞ ደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የሽርሽር መርከብ በጣልያን ጠረፍ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ ደግሞ፥ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት እንዲፈጸም ተወሰነ። ለእኔና ለባለቤቴ የተሰጠን ካርድ አንድ ዐይነት ቍጥር ነበረበት። ባለቤቴም ካርዶቹን አጠገብ ላጠገብ ይዞ፥ «እንግዲህ የምንሰበሰብበት ስፍራ አንድ ነው» አለኝ። በጊዜው እንደ ተራ ነገር አድርጌ አልፌው ነበር፤ ኋላ ግን ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

በመጀመሪያው ማታ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ገበታ ፊት ለፊት ተቀመጥን። በሩብ ሰዓት ውስጥ የልጆቹን ነገር፥ የቤቱን ወጪና የመኪናውን ጥገና ተነጋግረን ጨረስን። ከዚያ በኋላ ዝም አልን። ዝምታው የጠብ አልነበረም፤ በአንድ አውቶቡስ ወንበር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች ዝም እንደሚሉት ያለ ነበረ። አስተናጋጁ መጥቶ፥ «ምግቡ አልተስማማችሁምን?» ብሎ ጠየቀን።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ መርከባችን በባሕር ላይ ነበረች። እኔ ከጠዋት ጀምሬ ከመርከቡ አናት ላይ ተቀምጬ ውኃውን ስመለከት ዋልሁ፤ ባለቤቴ ግን ሰውነቱ የሌሊት ሥራን ስለ ለመደ ቀኑን ተኝቶ ዋለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ብነቃ ከአልጋው የለም፤ እንቅልፍ እንቢ ብሎት ብቻውን በመርከቡ ላይ ሲመላለስ ነበረ። ሥራችን ከእኛ ጋር እንደ ተሳፈረ ያን ጊዜ ታወቀኝ። ልጆቹን አሳድገን ከጨረስን በኋላ በአንድ ቤት የምንቀር ሁለት እንግዶች እንሆን ይሆን ብዬ ፈራሁ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ጥር 21 ቀን፥ የእመቤታችን የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበረ። በአገራችን ሳለን በዚህ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳንሳለም የዋልንበት ጊዜ አልነበረም። በዚያ መካከለኛ ባሕር ግን ቤተ ክርስቲያን ከየት ይምጣ? ገና ጎሕ ሳይቀድ ነጠላዬን ለብሼ የጸሎት መጽሐፌን ይዤ ወደ ክፍላችን በረንዳ ብወጣ፥ ባለቤቴ እዚያ ተቀምጦ አገኘሁት። «ዛሬ ማርያም ናት» አልሁት። «ዐውቄአለሁ፤ ስጠብቅሽ ነበር» አለኝና ተነሣ።

ባለቤቴ በልጅነቱ በጎጃም ከአያቱ ዘንድ ሲያድግ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። የማክሰኞውን የውዳሴ ማርያም ክፍል እርሱ በግእዝ አደረሰ፤ እኔም ተከተልሁት። ብዙ ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር እርሱ ሌሊት በመኪናው ውስጥ፥ እኔም ጠዋት በጓዳዬ ስንጸልይ ኖረናል እንጂ፥ ድምፃችን አንድ ላይ ወደ እግዚአብሔር የወጣበት ቀን ጥቂት ነበረ። ያን ድምፁን ስሰማ፥ ያገባሁትን ወጣት መልሼ ያገኘሁት መሰለኝ።

ጸሎቱን ከፈጸምን በኋላ ፀሓይ ከውኃው ስትወጣ ተቀምጠን አየን። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከዚያ በፊት ያልነገረኝን ነገር ነገረኝ። እናቱ ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው። እንደ አገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ ለእርሱ ግን ሌሊት በአውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ ይዞ ሳለ በስልክ ደረሰው። ወዲያውም አንድ መንገደኛ መጣ። ሻንጣውን አንሥቶ ጫነለት፤ አርባ ደቂቃ ያህል ነድቶ ከቤቱ አደረሰው፤ «ደኅና እደሩ» ብሎ ተሰናበተው። ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት መኪና ማቆሚያ ሄዶ እስኪነጋ ድረስ ብቻውን አለቀሰ። ወደ ቤት ሲገባ ነገረኝ፤ ብዙም ሳይቈይ ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው፤ ሰባቱ ቀን እንዳለፈም ወደየሥራችን ተመለስን። የእናቱን ሞት ዐውቃለሁ፤ ያን ሌሊት ግን አላውቀውም ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ በባሕር ላይ አብሬው አለቀስሁ።

ረቡዕ የጾም ቀን ነው። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ምግብ በማይነሣበት መርከብ ላይ መጾም እንዴት ይቻላል ብለው የሚያስቡ አንባብያን ይኖራሉ። ነገሩ ከምንገምተው ይልቅ የቀለለ ነው። ከዋዜማው ማታ ለአስተናጋጁ ሥጋ፥ ቅቤ፥ ወተትና ዕንቍላል እንደማንበላ፥ ከቀኑም ዘጠኝ ሰዓት በፊት እንደማንቀመስ ነገርነው። እርሱ የህንድ አገር ሰው ስለ ነበረ የጾም ነገር አልከበደውም፤ ያለ ቅቤ በዘይት የተሠራ የምስር ወጥ በሩዝ አቀረበልን። ዐርብ ዕለትም ኮዙሜል በተባለችው የሜክሲኮ ደሴት ስንደርስ የበቈሎ ቂጣ፥ ባቄላና አቮካዶ ከሚሸጥበት ስፍራ ተመገብን፤ ባቄላው በአሳማ ጮማ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጾም የሚጠብቅ ሰው በየትም አገር ቢሆን ጥቂት ካስጠነቀቀ ገበታ አያጣም።

በዚያው ረቡዕ መርከባችን ፋልማውዝ ከተባለው የጃማይካ ወደብ ደረሰች። ፋልማውዝ በ1769 እ.ኤ.አ. የተመሠረተች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ከነበሩት የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የሚወጣው ስኳር በዚህ ወደብ ይጫን ነበር፤ እርሻውን የሚሠሩት ደግሞ ከአፍሪካ በግፍ ተግዘው የመጡ ባሮች ነበሩ። ዛሬ ለጎብኚ የተዋበው የድንጋይ ቤት ሁሉ በእነርሱ ላብ የተገነባ ነው።

በጊዜው የባሪያ ጋብቻ እንደ ጋብቻ አይቈጠርም ነበር። ጌታው ባልን ለአንድ፥ ሚስትን ለሌላ መሸጥ ይችላል፤ ልጅንም ከእናት ይለያል። የባርነቱ ሕግ በ1834 እ.ኤ.አ. ቢሻርም ሙሉ ነጻነት የተገኘው ነሐሴ 1 ቀን 1838 እ.ኤ.አ. ነው። በዋዜማው ሌሊት በዚህችው ከተማ ዊልያም ኒብ የተባለው የባፕቲስት ሰባኪ ከምእመናኑ ጋር ሆኖ፥ የባርነቱን ሰንሰለትና ጅራፍ በሬሳ ሣጥን አድርጎ እንደ ቀበረ በታሪክ ተጽፏል። እኔ ግን ያን ሌሊት ሳስብ ከሰንሰለቱ ቀብር ይልቅ የነጋው ቀን በልቤ ይመጣል። ባልና ሚስት የሚለያያቸው ጌታ ሳይኖር በአንድ ጎጆ አብረው የዋሉበት ቀን ምን ያህል ታላቅ ኖሯል! የእኛ በሥራ ሰዓት መለያየት ከዚያ መከራ ጋር አይነጻጸርም። ሆኖም አብሮ መሆን ሌሎች ሰዎች በደም የገዙት ጸጋ እንደ ሆነ ያስተዋልሁት እዚያ ነው።

ከወደቡ ስንወጣ አንድ ሸምገል ያለ ባለ ታክሲ በአንገቴ ያለውን ማዕተብ አይቶ መኪናውን አቆመ። «ሐበሾች ናችሁን?» ብሎ ጠየቀን። እናቱ በኪንግስተን በእኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ተጠመቁ ነገረን። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን በጎበኙ ጊዜ ሕዝቡ የአውሮፕላኑን ማረፊያ አጥለቅልቆ እንደ ተቀበላቸው የታወቀ ነው። ከዚያም በ1970 እ.ኤ.አ. አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፥ በኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፥ ወደ ደሴቲቱ ተልከው ብዙዎችን አስተምረው አጥምቀዋል። ባለ ታክሲው ባለቤቴ የሥራ ባልደረባው መሆኑን ሲሰማ ሣቀና፥ «አንተም እንደ እኔ ሌሊት ትሠራለህን?» አለው። ሁለቱ ስለ ሌሊት መንገድ ሲጨዋወቱ ከቈዩ በኋላ፥ ሰውየው ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «እሑድን ግን ለቤትሽ ይተውልሽ» አለኝ። እንግዳ ሰው የተናገረው ቃል ነው፤ ነገር ግን ከባለቤቴ ልብ ገባ።

ክፍላችንን የሚያጸዳው ወጣት የፊሊፒንስ ሰው ነበረ። እኔ ወደ አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ስለ ኖርሁ፥ አልጋዬን ሌላ ሰው እንዲያነጥፍልኝ ልቤ አልወደደም፤ በየጠዋቱ አንጥፌ፥ ፎጣውንም አጥፌ እወጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ፥ «እመቤቴ፥ ሥራዬ ደስ አላሰኘዎትምን?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩን ስናስረዳው ደስ አለው፤ የሁለት ዓመት ልጁንም ሥዕል ከስልኩ አወጣና አሳየን። የውል ጊዜው ስምንት ወር ነው፤ ስድስቱን ፈጽሟል። ልጁ መራመድ ስትጀምር ያያት በስልክ ነው።

እንደነዚህ ያሉት የመርከብ ሠራተኞች ብዙ ወር ያለ ዕረፍት ቀን የሚሠሩ ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተደነገገውና በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፥ የሥራ ሰዓታቸው በቀን ከ14 እንዳይበልጥ ወይም የዕረፍት ሰዓታቸው ከ10 እንዳያንስ ያዝዛል። ይህ ሕጉ የፈቀደው ወሰን ነው። እንግዲህ የእኛ ዕረፍት በእነርሱ ድካም ላይ፥ የእኛ አብሮ መሆን በእነርሱ መለያየት ላይ የተቀመጠ ነበረ። ባለቤቴ ወጣቱ ከሄደ በኋላ፥ «ይህ ልጅ የእኛን ያለፈ ዘመን እየኖረ ነው» አለኝ። መርከቡ ወደ ማያሚ በሚመለስበት ዋዜማ ከተለመደው ጉርሻ ጨምረን ሰጠነው፤ ባለቤቴም በስሙ ጠርቶ አመሰገነው። በማታ ጸሎታችንም ሚስቱንና ልጁን አሰብናቸው።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ ገበታችን ዝም አላለም። ሐሙስ ዕለት በግራንድ ካይማን ደሴት ዳርቻ ነጩን አሸዋ እየረገጥን ስንሄድ፥ ስለ ልጅነቱ፥ ስለ እኔም እናት፥ በስደት መጀመሪያ ስለ ፈራናቸውና ስላልተነጋገርንባቸው ነገሮች ሁሉ ተጨዋወትን። ባሕሩ ያማረ ነበረ፤ ውኃው እስከ ታች ድረስ ይታያል። ግን ስመለስ ለልጆቼ የነገርኋቸው ስለ ባሕሩ ሳይሆን አባታቸው ስለ አያታቸው የነገረኝን ነው።

ከተመለስን በኋላ ባለቤቴ የቅዳሜን ሌሊት ሥራ ተወ። ከሳምንቱ ሌሊቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚገኝበት ያ ሌሊት ስለ ነበረ፥ ገቢያችን ጐድሏል፤ ይህን አንሰውርም። መኪናችንን ለመለወጥ የያዝነውንም ሐሳብ አቆይተነዋል። ይሁን እንጂ እሑድ ጠዋት እርሱ ደክሞ ተኝቶ እኔ ብቻዬን ወደ ቅዳሴ የምሄድበት ዘመን አልፏል። አብረን እንቆማለን፤ አብረን ተመልሰን አንድ ገበታ እንቀርባለን። ወረቀቱ ዛሬም በማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል፤ ለኪራዩና ለመድኀኒቱ ያስፈልጋልና። ሌላው ነገር ግን በአፍ ይነገራል።

የተከበራችሁ አንባብያን፥ ይህን የጻፍሁት ሁሉም ሰው በመርከብ ይሳፈር ለማለት አይደለም። ብዙ ቤተ ሰብ ለዚህ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለውም ቢሆን ባሕር ተሻግሮ ሁለት ዝምተኛ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በጥድፊያ የተያዘ ትዳር በጥድፊያው ውስጥ እንዳይላላ ማሰሪያውን ቆም ብሎ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ለዚህም በሳምንት አንድ ጸሎት በአንድ ድምፅ ማድረስ፥ በሳምንት አንድ ገበታ ያለ ስልክና ያለ ጥድፊያ መቅረብ፥ በልብ ተቀብሮ የቈየውንም ኀዘን ለትዳር ጓደኛ መንገር ይበቃል። እነዚህ ሦስቱ ወጪ የላቸውም።

መርከበኞች ማዕበል ሳይነሣ የመሰብሰቢያውን ስፍራ ለእያንዳንዱ ሰው ያሳያሉ፤ ማዕበሉ ከተነሣ በኋላ መፈለግ አስቸጋሪ ነውና። ክርስቲያን ባልና ሚስትም ገና ጸጥታ ሳለ የሚሰበሰቡበትን ስፍራ ይወቁ። በቃና ዘገሊላ ሰርግ ተገኝቶ የጐደለውን የሞላ አምላክ፥ በየቤታችን ተገኝቶ የጐደለውን ይሙላልን። አሜን።